ሽታ ያልያዘችው ባጅ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹን ከቦዩ አውጥተው ሲሚንቶው ላይ አስተኝተውት፣ ፊቱን በጆንያ ሸፍነውለት ነበር። ጆንያውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ጡረታዋ ደርሷል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የሞተ ሰው ፊት ማየት ግን ዛሬም አልለመደችም።

ቦታው ቆዳ ፋብሪካ ነው። ፀጉር የሚያራግፈው ኬሚካል በቦይ ይወርዳል። አሲዱ ከራሱ ቧንቧ መውጣት የለበትም፤ ወጥቶ ከኬሚካሉ ጋር ከተገናኘ መርዘኛ ጋዝ ይነሣል። ጋዙ መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበረታ አፍንጫ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ሰው ይጥላል። በምሳ ሰዓት የአሲዱ ቧንቧ ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ቦዩን ይጠርግ የነበረው ሰው ከውስጡ በሕይወት አልወጣም። ሠራተኛው «ሳቂታው» ይለው ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ገና ሳትጠይቀው። የአሲዱ ቧንቧ ኃላፊ እሱ ነው።

«ሆን ብለህ ከፈትከው?»

«ኧረ በፍጹም! ከምሳ በፊት አሲድ በባልዲ ልቀዳ ከፍቼው ነበር። የዘጋሁት ይመስለኛል። ግን ሌሊቱን ሠርቼ ነው ያደርኩት፣ ቀኑንም ደገምኩት። ከመጋዘኑ ቆዳ ላይ ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ወንድምህስ በምሳ ሰዓት እዚያ ምን ይሠራ ነበር?»

«መጥረጉ የእኔ ተራ ነበር። ‹አንተ ተኛ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ› አለኝ።» ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ጆንያ አስተካከለ።

የሥራ አለቃው በቅጥነቱ «ሽቦ» የሚባል ነው። ባለፈው ሳምንት በሟቹ ላይ «አንድ ቀን እዚያው ትቀራለህ!» ብሎ ሲጮህበት ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«ብያለሁ» አለ ሽቦ። «ጭንብል ሳያደርግ እየወረደ አስቸገረኛ! ዛሬም ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሙን እንኳ ተረባርበው ነው በር ላይ ያስቀሩት፤ ቢገባ ኖሮ ሁለተኛ ሬሳ ነበር።»

በሟቹ ደረት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መስታወት ያላት ባጅ ተሰክታለች። ሽቦም አለችው፣ ባለፋብሪካዋም አለቻት።

«የዶክተሩ ሥራ ናት፤ ጋዝ ትለካለች፣ ሁላችንም ላይ ይሞክራታል» አለ ሽቦ። «ዶክተሩማ የራሱን ከደረቱ አያወልቃትም። ሲተኛም ሳያደርጋት አይቀርም።»

ዶክተሩ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ ተመራማሪ ነው።

«ውስጧ ግራፊን አለ» ሲል አስረዳት። «ካርቦን ነው፤ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ። ሁለመናው ገጽ ስለሆነ ትንሽ ጋዝ እንኳ ሲያርፍበት የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል።»

«ታዲያ ለምን አልጮኸችለትም?»

«ገና ሙከራ ላይ ናት። የያዘችውን ጋዝ ቶሎ ስለማትለቅ ማታ ማታ ሰብስቤ አነባታለሁ። ከዚያ በአልትራቫዮሌት መብራት አጥባታለሁ፤ ጋዙ ይለቃታል። ጠዋት ንጹሕ ሆና ትታደላለች።»

«የዛሬውን አንብበዋል?»

«በዚህ ሁሉ መሐል?»

«እንግዲያው ሁላችሁም ስጡኝ።»

ሁሉም ከደረቱ እየነቀለ ሰጣት። ዶክተሩ «መጣሁ» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባና የራሱን ይዞ ተመለሰ። መርማሪዋ ባጆቹን በየፖስታው ከታ፣ ስም ጽፋ አሸገች።

በማግስቱ ሁሉንም በባለፋብሪካዋ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ከአንድ ፖሊስ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማንበቢያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስክሪኑን ወደ ሰዎቹ አዞረችው።

«ዶክተር፣ ያንብቡልን። መጀመሪያ የእመቤቲቱን።»

«አራት» አለ ዶክተሩ።

«ፎቅ ላይ ተቀምጠው፣ መስኮት ዘግተው እንኳ አራት። እዚህ ግቢ ሽታው የማይደርስበት የለም ማለት ነው። የሽቦን?»

«ስድሳ ሁለት።»

ሽቦ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ ብያለሁ!»

«ተቀመጥ፣ አውቃለሁ። የወንድሙን?»

«አሥራ አንድ።»

«መጋዘን የቆየ ሰው ሁልጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ያህል ነው አይደል?» ዶክተሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ቧንቧው ያለው ከቦዩ አናት ላይ ነው። ከፍቶ የተወው ሰው የመጀመሪያውን ጋዝ በደረቱ ተቀብሏል። ይህ ልጅ በዚያ ሰዓት አጠገቡ አልነበረም፤ እንዳለው ተኝቷል። አሁን የእርስዎን ያንብቡ።»

ዶክተሩ ባጇን ማንበቢያው ላይ አስቀመጠ። ስክሪኑ ዜሮ አሳየ።

«ምናልባት ተበላሽታ...»

«ትናንት ጠዋት በር ላይ ስታድል ደረትህ ላይ ነበረች፤ ሁሉም አይቷታል።» አንቱታው በዚያው ቀረ። «ከሌላው ሰው ባጁን ከደረቱ ተቀበልኩ። አንተ ከማታወልቃት ባጅ ጋር ምን ለያያችሁ? አየሩ ሁሉ በሚሸትበት ግቢ ዜሮ የምታሳየው የታጠበች ብቻ ናት። ማጠብ የምትችለውም አንተ ነህ። አራት ወይም አሥራ አንድ ብትሆንማ ምን አሳጠበህ?»

ዶክተሩ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ሰኞ ባጇን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ሁልጊዜ አምስት፣ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ብቻ። ትልቅ ጋዝ ላይ እንደምትሠራ በምን አሳያቸዋለሁ? ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሰው የለም ብዬ ጭንብል አድርጌ ለትንሽ ከፈትኩት። መዝጊያው ተንሸራተተብኝ። የዘጋሁት መስሎኝ ሄጄ አነበብኩና አጠብኳት። ካነበብኩ እጄ ዝም ብሎ ያጥባል።» ባጇን ከማንበቢያው አነሣት። «ሠርታ ነበር። ንባቧ ትክክል ነበር።»

«ሬሳው ሲወጣስ ለምን አልተናገርክም?»

«ልናገር ስል እሱ ቀደመኝ። ‹እኔ ነኝ› አለ።»

ሽቦ ተሳደበ፤ ማንም ዝም በል አላለውም። ፖሊሱ ዶክተሩን ይዞ ወጣ። መርማሪዋ እያነከሰች ወደ ወንድምየው ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ድካሙ ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ የሚጋባ ይመስል ነበር።

«ዘግተኸው ነበር» አለችው። «ነፃ ነህ፣ ልጄ።»

ደስ አላለውም። አቀረቀረ።

«እናታችን ትናንት ማታ ወደታሰርኩበት ጣቢያ መጥታ ነበር» አለ። «እግሯ ላይ ወደቅኩ። ‹ወንድምህን ብትገድለውም አንተም ልጄ ነህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ› አለችኝ። ስንት ጊዜ ደጋግማ አለችው መሰለሽ። እንዴት እንደከበዳት አይቻለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «አሁን ምን ልበላት? ይቅርታሽ በከንቱ ነበር ልበላት?»

መርማሪዋ ክንዱን ይዛ አስነሣችውና ደረጃውን ቀስ እያሉ አብረው ወረዱ።