ጠረጴዛ ሥር ያለው ማብሪያ ማጥፊያ

ጀነሬተር ጠረጴዛው ሥር ከገባ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ሩብ ሰዓት ሙሉ ዝም ሲል በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ አንዴ ከተነሳ የሚያጠፋው የለማ!

«ድንቢጥ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለ ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር።

«ዝም በል! እየመጡ ነው!»

ድንቢጥ ከክፍሉ ሁሉ አጭሯ ናት፤ ዛሬ ግን ጭንቀቷ አዳራሹን ሞልቶታል። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ነው። በስተቀኟ ሁለት የካርቶን እሳተ ገሞራ፣ በስተግራዋ ሦስት። አንደኛ የወጣ ተማሪ በእረፍቱ ሁለት ሳምንት የዐውደ ርዕዩ ዳኛ የሆኑት የባክቴሪያ ተመራማሪ ዶክተር ላቦራቶሪ ገብቶ ይሠራል። አንድ ሰው ብቻ። ድንቢጥ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ሥዕል፣ ሁልጊዜ ሥዕል! ይህን ዕድል ከመፈለጓ የተነሳ እህል አልበላ ብሏት ሰንብቷል።

የሠራችው የባክቴሪያ አር ኤን ኤ፣ ማለትም የጂንን ትእዛዝ የሚያደርሰው ክር፣ ሞዴል ነው። ልብስ ሰፊ እናቷ የጣለችውን የመለኪያ ሜትር ወስዳ ማግኔት ሰፋችበትና ሰሌዳ ላይ ከሽቦና ከአምፖል ጋር አያያዘችው። ከጋራዥ የለመነቻቸው የኩሽኔታ ኳሶች ማግኒዥየም ሆኑ፤ የመስታወት ብዮች ደግሞ ሶዲየም። ብዩ ተንከባሎ ያልፋል። የብረት ኳሱ ግን ማግኔቱ ላይ ልጥፍ ይላል፤ ሜትሩ ይታጠፋል፤ ሽቦው ከሽቦ ይለያያል፤ አምፖሉ ድርግም። አምፖሉ ጂኑ ነው፤ ለማግኒዥየም መግቢያ በር የሚያሠራው ጂን። «ጠግቤያለሁ፣ በር መሥራት ይብቃ» እንደማለት ነው። ቤት አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራው አሥራ አንዱንም ጊዜ ሠርቷል።

ዛሬ ጠዋት ግን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ዕቃው ያለበት ካርቶን ላይ ተቀመጡበት። «ውይ፣ ወንበር መስሎኝ!» አሉ፤ ለመነሳት ግን አልቸኮሉም። ሽቦው ተበጠሰ።

መላውን ያመጣው ጀነሬተር ነው። «አምፖሉን በቀጥታ እናገናኘውና እኔ ከታች ሶኬቱን ይዤ እቀመጣለሁ። በእግርሽ ወለሉን ስትነኪ ነቀል! ደግመሽ ስትነኪ ሰካ!»

«ማጭበርበር እኮ ነው።»

«ቤት ሠርቶ የለ እንዴ? የሠራውን ነው የምናሳየው!»

ክርክሩ ጆሮዋ ገባ፤ ልቧ ግን አልገባም። ሰዓቱም አልጠበቃትም።

ዶክተሯ ደረሱ። የአምስቱም እሳተ ገሞራ አረፋ እጅጌያቸው ላይ አለ። «ተመስገን፣ የማይፈነዳ ነገር አገኘሁ!» አሉ።

ድንቢጥ ማስረዳት ጀመረች። ስትፈራ ጉልበቷ እንደሚንቀጠቀጥ ረስታው ነበር። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ እግሯ ወለሉን መታ፤ ጀነሬተር ነቀለ። ደግሞ መታ፤ ሰካ። ታማኝ ልጅ ነው፣ አንዷንም አላሳለፈም። አምፖሉ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ይል ጀመር።

«ባክቴሪያዋ ጭፈራ ቤት ከፈተች እንዴ?» አሉ ዶክተሯ።

«እ... ማግኒዥየሙ... ከፍ ዝቅ እያለ ነው።»

«አሃ! እውነት ነው፣ ሴል ውስጥም መጠኑ አንድ ቦታ አይቆምም። ጎበዝ!»

ድንቢጥ ጉልበቷን በእጇ ጨምድዳ ያዘች። ዶክተሯ ብይ ጣሉ፤ አምፖሉ እንደበራ ቆየ። የብረት ኳስ ጣሉ፤ ድንቢጥ በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ነካ አደረገች፤ ጠፋ።

«የዚህ ነገር ውበቱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ ዶክተሯ፣ ፊታቸው በርቶ። «ብዙ ቦታ ጂን የሚያጠፋ ዘበኛ ፕሮቲን አለ። ይሄኛው ግን ዘበኛ የለውም። አር ኤን ኤው ራሱ ማግኒዥየሙን ይይዛል፣ ራሱ ይታጠፋል፣ ራሱ ይዘጋል። ከጀርባው ማንም የለም!»

«እንጥሽ!» አለ ጠረጴዛው።

«ይማርሽ» አሉ ዶክተሯ፣ ከማስታወሻቸው ቀና ሳይሉ።

«አ... አሜን።»

«ዛሬ ካየሁት ሁሉ ይሄን ነው የወደድኩት። ላቦራቶሪ ሳንገናኝ አንቀርም» ብለው ጠቀሷትና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

«አለፍን! አሪፍ ነው! ፈታ በይ እንጂ!» አለ ጀነሬተር በሹክሹክታ።

ድንቢጥ ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ በጣም አፈረች። ዶክተሯ እንዲያ ደስ ብሏቸው ባያስረዷት ይሻላት ነበር። ላቦራቶሪው ስትገባ ሽቦውን እንዴት እንዳገናኘችው ቢጠይቋትስ? ደግሞ ጀነሬተርን የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ሥር ልትከተው?

ጎንበስ አለች። «ልነግራቸው ነው።»

«አበድሽ? በቃ አሸንፈሻል እኮ!»

«ያንተን ስም አልጠራም። ከፈለግክ ሁሉም ሰው እስኪሄድ እዚያው ቆይ።»

ጀነሬተር ሶኬቱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ሐሳቡ እኮ የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻሽንማ አትቆሚም።»

«ዶክተር!» ብላ ጮኸች ድንቢጥ፤ እሳተ ገሞራዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ዶክተሯ ተመለሱ። የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጠችው።

ጀነሬተር ሶኬቱን እንደያዘ ተንበርክኳል። «ጤና ይስጥልኝ» አለ።

ዶክተሯ ጀነሬተርን አዩ፣ አምፖሉን አዩ፣ ድንቢጥን አዩ።

«የኛው ዘበኛ አለው» አለች ድንቢጥ ወደ ጀነሬተር እያመለከተች። «ጠዋት ተሰብሮብኝ ነው። ሳይሰበር ግን በራሱ ይሠራ ነበር... የት ጋ እንደተበጠሰ ላሳይዎት?»

መልስ አልጠበቀችም። ሰሌዳውን በሁለት እጇ ገለበጠችና ጣቷን ሽቦው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ» አለች።