ድርጎ ሰጪው

ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ሱንድቢበሪ በተባለች የፈረንጅ አገር ከተማ ባለው ዳቦ ቤታቸው ጓዳ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው አንዴ የተገመጠ ዳቦ ነበር፤ ሰማያዊ የአይጥ መርዝ ተነስንሶበታል። መርማሪ ፌበን ስትደርስ፣ ዳቦውን የጋገረችው ተጂቱ ሊወስዷት በተዘጋጁ ሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማ ነበር።

«ቅዳሜ በደንበኞች ፊት ምን አልሻቸው?» አለቻት ፌበን።

«ይኼ ደመወዝ አይደለም፣ ድርጎ ነው አልኳቸው። አልዋሽም።»

«ድርጎ ምን እንደሆነ ገብቶሽ ነው?»

«እንዴት አይገባኝም! ድሮ በትልቅ ሰው ቤት ላደረ እንግዳና አሽከር ለዕለት የሚሰፈር ምግብ ነው። በሰጪው ፈቃድ እንጂ በሥራ ልክ አይታሰብም። ማታ ማታ የተረፈ ዳቦ ያሸክሙኝና ‹ድርጎሽ!› ይሉኛል። እየሳቁ ደግሞ!»

የሟቹ ሸሪክ አቶ ዕንባቆም ጣልቃ ገቡ። «ዓይኔ እያየ ነው የሞተው። እንደ ሁልጊዜው ጠዋት የደም ማቅጠኛ መርፌውን ወጋሁት፤ ከዚያ ዳቦውን ገመጠ፣ ወደቀ። ይቺ ልጅ ጨረሰችው!»

ፌበን መደርደሪያው ላይ የተከደነ ሳህን አየች። ከፈተችው፤ ያልተነካ የምስር ወጥ ነበር።

«የጋሼ ነው» አለች ተጂቱ። «ለዘጠኝ ሰዓት ያዘጋጀሁላቸው።»

ፌበን የሟቹን ልጅ ሊዲያን አስጠርታ ሁሉንም ምድጃው አጠገብ ሰበሰበች።

«ደመወዝ ቢሆን ከወራሽ ይጠየቃል። ድርጎ ግን ሰጪው ሲሞት ያበቃል። ታዲያ ተጂቱ ብትገድላቸው የቀራትንም ማጣቷ አይደል? ወደ ዳቦው እንምጣ። ሊዲያ፣ ለአባትሽ የዛሬው ሰኞ ምን ነበር?»

ሊዲያ ግንባሯን መታች። «የነነዌ ጾም! ፓፓ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምስም።»

«አቶ ዕንባቆም፣ ሟቹ ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾሙ ከሽርክናችሁ ርዝመት የተነሳ ያውቃሉ። ነነዌን ግን የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን አይጾምም፤ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ያልበሉትን ሰው ሲበሉ አየሁ አሉ። ዳቦውን ገምጠው መርዙን የነሰነሱት እርስዎ ነዎት። የገደላቸው መርፌው ነው፤ ምን እንደጨመሩበት ላቦራቶሪው ይነግረናል።»

«ለምን?» አለች ሊዲያ።

ዕንባቆም ተጂቱን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። «ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ቤት! ዛሬ ከሰዓት እሷን ባለድርሻ ሊያደርጋት ነበር።»

ፖሊሶቹ ከተጂቱ ወደ እሳቸው ዞሩ። ተጂቱ ማታ ማታ ዳቦ የሚሞላላትን ከረጢት ከሚስማሩ አወረደች፤ ባዶ ነበር።

«ታዲያ ቅዳሜ ስሰድባቸው ለምን ዝም አሉኝ?»

መልሱን የሚያውቁት ሰው በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ሲወጡ፣ ፌበን ከበሩ ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀች።