ቆቡን ያሳሳተው ኖር

ውስጠ-አይ ቆብ ጠዋት «እንደምን አደርክ» ካልተባለ ሥራ አይጀምርም፤ ኩርፊያ ያውቃል። ሐኪሟ ሐመልማል በኮምቦልቻው ክሊኒክ ሃያኛ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት አብራው ሠርታለችና ሰላምታውን አትነፍገውም። ራስ ላይ ሲጠልቅ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደተጎዳ የሚናገር ቆብ ነው። ከግንባር ኋላ ያለው ሲጎዳ ሰው ይሉኝታ ያጣል፣ ይቆጣል፣ የሰው ሳህን ይነጥቃል። ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ሲታወክ ደግሞ የሌለ ሰው ያያል። ጎረቤት ሁለቱንም «ጃጀ» ብሎ ያልፋቸዋል እንጂ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

የዛሬው ሕመምተኛ ጋሽ ይመር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሹፌር። ትናንት ነርሷ ምሳ ልታስቀምጥ ስትል ሳህኑን መትተው ከእጇ ጣሉት። ቆቡም «ግንባር ነው» ብሎ ፈረደ፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የሚሰጥ ማረጋጊያ መርፌ አዘዘ። መርፌው ግንባሩ የተጎዳን ሰው ያበርዳል። የሌለ የሚያይ ሰው ላይ ከዋለ ግን ሰውነቱን ያደርቀዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ሐመልማል የገባችው ለመጨረሻ ጊዜ ልታጣራ ነው።

ጋሽ ይመር ቆቡን አጥልቀው እንደተቀመጡ ድንገት ወደ በሩ ዞሩ። ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ኖር፣ እማማ!» አሉ ወደ በሩ እጅ እየነሱ።

ሐመልማልም ብድግ! ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ ማየት ምን ይባላል? ዞር ስትል ግን በሩ ዝግ ነው። ማንም የለም።

እትዬ ስንዱን ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸውና «ለማን ነው የተነሳነው?» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«ለእናቱ ነዋ። ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ‹እማማ መጣች› አለኝ፤ ቅር እንዳይለው ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ወደ በር ከሄደ እነሳለሁ። ነርሶቹም እኔን አይተው ይነሳሉ።»

ሐመልማል ግድግዳው ላይ የበራውን ዘገባ አየችና ክው አለች። «በክፍሉ ያሉ ሰዎች፦ አራት» ይላል። በሕመምተኛ ክፍል ካሜራ መትከል በሕግ ከታገደ ወዲህ፣ ቆቡ ሕመምተኛው ያየው ሰው መኖሩን የሚያጣራው አጠገቡ ያሉት ሲነሱና ሰላም ሲሉ በመስማት ነው። እነሱ ተነስተው ሰላምታ ከሰጡ፣ እንግዳው እውነተኛ ነው ማለት ነው!

«አይ አንተ ቆብ! በይሉኝታችን ጉድ ሠራንህ» አለች። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። «እትዬ፣ አሁን እማማ ሲመጡ እንዳይነሱ። ትዕዛዙን መሰረዝ የሚችለው ቆቡ ራሱ ብቻ ነው፤ ከተነሱ ጋሼ መርፌውን ይወጋሉ።»

«ውይ ልጄ! ለአማቴ? እሱ እያየኝ?»

«ለጋሼ ሲሉ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይመር ወደ በሩ ዞሩ። እትዬ ስንዱ የወንበሩን ክንድ ጭምቅ አድርገው ያዙ። እንባቸው ወረደ፤ አልተነሱም። ጋሽ ይመር በሩን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ደግመው በሩን አዩ። ግድግዳው ላይ ያለው የአንጎል ምስል ከኋላ በኩል ቀላ፤ የመርፌው ትዕዛዝም ተሰረዘ። ሐመልማል እፎይ አለች።

ጋሽ ይመር ግን ገና ሚስታቸውን እያዩ ነው።

«ስንድዬ፣ አታያትም እንዴ?»

«አላያትም፣ የኔ ጌታ። አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ይቅር በለኝ።»

«ተመስገን!» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። «እናቴን እኮ በእጄ ነው የቀበርኳት። አንዳንዴ ይጠፋብኛል እንጂ አውቃለሁ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ዓይኔ ነው ብዬ ልተወው ስል አንቺ ተነስተሽ እጅ ነሳሽ። ‹ወይኔ፣ ስንዱን አመማት!› አልኩ። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ዝም አልኩ። ትናንትም ያቺ ልጅ ምሳውን እማማ ላይ ልታስቀምጠው ስትል፣ አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ሳህኑን የመታሁት።»

«አንተ ሞኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ጉልበቴ!» እትዬ ስንዱ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባቸው። የባላቸውን እጅ ያዙና ወደ በሩ ተመለከቱ። «አሁንም አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያውስ እኔ አላያትምና አንተ ንገረኝ። ምን ለብሳለች?»

ጋሽ ይመር ፈገግ ብለው ይነግሯቸው ጀመር።