የመምህር ሀብተሥላሴ አጥሚት

ሻምበል ባሻ አዳሙ ሬሳ ማየት ታክቶታል። በዚያ የቀይ ሽብር ዓመት ጎንደር ውስጥ ሬሳ ብርቅ አልነበረም፤ ብርቁ ማን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ የሀብተሥላሴ ሬሳ ግን የተገኘው ጎዳና ላይ ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራው በፖሊስነቱ እሱ ላይ ወደቀ።

ሐኪሙ በአፉ የገባ የአይጥ መርዝ ነው ብሎ ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የቀረ የገብስ አጥሚት ከነማንኪያው፣ ታጥበው የተደፉ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች፣ አንድ ጠርሙስም አለ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሟቹ ለዕለቱ ትምህርት የጻፈው አልጠፋም፦ «እያንዳንዱ ኢንዛይም የራሱ ሥራ አለው። ምራቅ የእህል ስታርችን እንጂ እንቁላልን አይፈጭም። የጨጓራ ጭማቂ እንቁላልን እንጂ ስታርችን አይፈጭም። አዮዲን ስታርች ካገኘ ይጠቁራል።»

«ጓድ አዳሙ፣ ምን ያደክምሃል?» አለው የትምህርት ቤቱ ካድሬ የሻው። «አጥሚቱን ያመጣችው የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ አማረች ናት፤ መርዙም የተገኘው አጥሚቱ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኪናው ሲመጣ እንወስዳታለን።»

አዳሙ በዚያ ማኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አያውቅም።

አማረች በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ነጠላዋን ነክሳለች።

«አያ አዳሙ፣ የቁስቋሟ ማርያም ምስክሬ ናት! ጨጓራ ያመው ስለነበር ጧት ጧት አጥሚት እሠራለት ነበር። ምነው እኔ እገድለዋለሁ?»

«ስትሰጪው አብሮት ማን ነበር?»

«መምህር ዳኛው። ሻይ ይጠጡ ነበር። ‹ይቀዝቅዝልኝ› አለኝና ትቻቸው ወጣሁ።»

«ይሄ ጠርሙስስ?»

«የበግ ጨጓራ ጭማቂ ነው። ዛሬ ለተማሪዎቹ ሊያሳይበት ነበር። ጧት ስወለውለው እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር።»

አዳሙ ጠርሙሱን አነሳው። ግማሽ ነው። ትምህርቱ ደግሞ ገና አልተጀመረም።

መምህር ዳኛው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ መምህር ሲጠፋ ባዮሎጂም ደርቦ ያስተምራል። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

«አጥሚቱን በማንኪያ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ግማሽ ያህሉን ሲጨርስ ወጣሁ።»

«ብርጭቆዎቹንስ ማን አጠበ?»

«እኔ።»

«እሳቸው ደግሞ መቼ አጥበው ያውቃሉ!» አለች አማረች ከበሩ ሥር ሳታስበው። «እስከ ዛሬ እኔ አይደለሁ የማጥብላቸው?»

«ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት እንዲሄድ የተመረጠው ማን ነበር?» አለ አዳሙ።

«ሀብተሥላሴ።»

«ቀጥሎስ?»

«ተጠባባቂው... እኔ ነኝ።»

አዳሙ ብቻውን ሲቀር አጥሚቱን በማንኪያው አማሰለው። ቀጥኗል። ይህን ያውቀዋል፤ ሚስቱ ይርገዱ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ማታ ማታ አጥሚት የሚያጎርሳት እሱ ነው፤ አፍ የነካው ማንኪያ የገባበት ትራፊ ሲቆይ ውኃ ይሆናል። እንግዲህ ሰውየው በልቶታል፤ አማረችም አታመልጥም ማለት ነው። ወይ ድካም! ተስፋ ቆርጦ ሊነሳ ሲል አሸተተው፤ ይኮመጥጣል። የይርገዱ ትራፊ ኮምጥጦ አያውቅም። እንደገና ቁጭ አለና ሰሌዳውን ደግሞ አነበበው፤ ከዚያም አዮዲን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ትኩስ አጥሚት አስመጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ከዚህ ትኩስ አጥሚት ጥቂት ወስጄ ቅድም ምራቄን ጨምሬበታለሁ» አለና አዮዲን ጠብ አደረገበት። አልጠቆረም። «ምራቄ ስታርቹን ጨርሶታል። አሁን የሟቹን እንይ።» ጠብ ሲያደርግበት አጥሚቱ እንደ ቀለም ጠቆረ። «ቀጥኗል፤ ስታርቹ ግን እንዳለ ነው። የሰው አፍ አልነካውም። ያቀጠነው ሌላ ነገር ነው።»

«ውኃ ይሆናላ!» አለ የሻው፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።

«ውኃ እንቁላል አይበላም፣ ጓድ።» ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ካቆማቸው ሁለት ብልቃጦች አንዱን አነሳ። «እዚህ ምራቄ ውስጥ ያደረግሁት እንቁላል እንዳለ ነው። ከሟቹ ሳህን አጥልዬ በቀዳሁት ውስጥ የጨመርኩት ግን አልቋል። ሳህኑ ውስጥ የጨጓራ ጭማቂ ገብቷል ማለት ነው። ጠርሙሱም ጎድሏል።»

ፊቱን ወደ ዳኛው አዞረ።

«ሰውየው የሞተው በሻዩ ነው፤ ብርጭቆ ያጠብከውም ለዚያ ነው። ከዚያ አጥሚቱን ግማሹን ደፍተህ በቀረው መርዝ ጨመርክበት። የተበላ ትራፊ እንደሚቀጥን ታውቃለህ፤ አማረች ይህን አታውቅም፣ ጓድ የሻውም አያውቅም። የተበላ እንዲመስልም ‹ኢንዛይም ኢንዛይም ነው› ብለህ እጅህ የገባውን ጠርሙስ ገለበጥክበት። ሰሌዳውን እንኳ ዞር ብለህ አላየህም።»

ዳኛው ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። አማረች በሩ ሥር አለቀሰች።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ አዳሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምራቅህ አፍህ ውስጥ ነበር። እንትፍ ብትልበት ኖሮ እኔም አልደርስብህም፣ እሷም ትወሰድልህ ነበር። ለምን አልተፋህበትም?»

ዳኛው ቀና ብሎ አየው፤ የምር ደንግጧል።

«ምግብ ላይ?» አለ። «ሻምበል ባሻ፣ ምግብ ላይ ይተፋል እንዴ?»

ውጭ ማኪናው ጡሩንባውን ነፋ። የሻው ማንንም ቢወስድ ግድ አልነበረውም፤ የዳኛውን ክንድ ይዞ ወጣ። አማረች የአዳሙ ጉልበት ላይ ልትወድቅ ስትል አነሳት፤ አንዲቱን አድኖ ሌላውን ለዚያው ማኪና መስጠቱ ከንክኖታል።

«ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ» አላት።

ማታ ይርገዱ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ አፏን መለሰች። ትራፊውን ለመድፋት አነሳው፤ ከዚያ «ምግብ ላይ?» ያለውን የዳኛውን የደነገጠ ፊት አስታወሰና ሳህኑን ይዞ እንደቆመ ቀረ።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም» አለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የቀረውን ራሱ በላው።