በቅሎዋን ያሻት እጅ

ሙት ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ማታ ምን በልተህ ነው?» ብዬ የምቀልድ ሰው ነኝ፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ አዲስ አበባ መድኃኒት የሚፈተንበት ቤት እሠራ ነበር። ሥራችን ከአይጦች ጋር ነው፣ የሚያቃጥል ፈሳሽ ሆዳቸው ውስጥ እንወጋና በቁርጠት ሲሸበሸቡ፣ የኋላ እግራቸውን ሲዘረጉ እናያለን፣ ለከፊሎቹ አስቀድመን ማስታገሻ እንሰጣለን፣ ለቀሩት ግን ውሃ ብቻ፣ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ውሃ የተሰጣቸው ሲሠቃዩ ነዋ። የሚመለከተው ሰው እንዳያዳላ ጠርሙሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ምልክታቸው ከታች፣ ከሥራቸው ነው።

ባለቤቴ የሺ እስቴ አገር፣ አባቷ ዘንድ ነበረች። ሆዷን ክፉኛ እንደሚቆርጣት መልእክት ቢደርሰኝ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አንሥቼ ገሠገሥኩ፣ ግን ክረምት ነበርና መንገዱ አዘግይቶኝ ስደርስ ተቀብራለች።

«መሪጌታ፣ ሕመሙ ለቋት ነው ያረፈችው?» አልኳቸው አባቷን። ሌላ ነገር ማወቅ አልፈለግኩም።

«እንጃ ልጄ። ማሕሌት ቆሜ ነበር። ከበቅሎዋ በቀር አጠገቧ ማንም አልነበረ።»

በተዝካሯ ማግስት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያቺን በቅሎ ቁርጠት ያዛት። ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ዞራ ሆዷን እያየች ታቃስታለች።

«እንዲህ ሲያደርጋት የሺ ነበረች በቅቤ የምታሻት» አሉ መሪጌታ።

እውነታቸውን ነው፣ ከጎን ወደ እምብርት ረዘም አድርጋ ታሽና መጨረሻው ላይ በመዳፏ መታ ታደርግ ነበር፣ የእኔንም ሆድ እንዲሁ። እንዴት እንደናፈቀችኝ ምን ብዬ ልንገራችሁ። እሳቸው ለሠርክ ጸሎት ሲወጡ፣ የአይጥ ሆድ ሆድ ከሆነ የበቅሎም ሆድ ነው ብዬ ለየሺ ያመጣሁትን ጠርሙስ በቅሎዋ ጉሮሮ ውስጥ ገለበጥኩላትና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ እጅ በጸጉር ላይ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ በመዳፍ መታ ሲደረግ። እመኑኝ፣ አጠገቧ አልነበርኩም። የሆዷ ጸጉር ከጎን ወደ እምብርት ተኛ፣ ደግሞ ተኛ፣ መታ ተደረገ። በቅሎዋ ማቃሰቷን ትታ አንገቷን ወደዚያው አዞረች።

«የሺ?» አልኩ። ሄጄ እጄን ሆዷ ላይ ባሳርፍ ይሞቃል፣ መዳፌን ሳሸተው ቅቤ ቅቤ ይላል።

መሪጌታ ሲመለሱ በቅሎዋ ሣር ትግጣለች። «መድኃኒትህ ሠራ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። እኔም እንዲያ ነው ብዬ ልተወው ነበር፣ ጠርሙሱን ገልብጬ ሥሩን ባላይ ኖሮ። የውሃው ምልክት ነው ያለበት። ያን ሁሉ መንገድ ለየሺ ይዤላት የመጣሁት ውሃ ነበር።

ለመሪጌታ አልነገርኳቸውም። የሺንስ በሞተችበት ቀን ያሻት ነበረ ወይ? እስከ ዛሬ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

አሁንም ታዲያ ሆዴን ሲቆርጠኝ፣ ማስታገሻው አጠገቤ እያለ አልወስድም። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በጀርባዬ ተኝቼ እጠብቃለሁ።