የሦስት መስከረም ከል

ቢቸና መናፈሻ ውስጥ የአዲስ ዓመት ባዛር የሚቆየው ከእንቁጣጣሽ እስከ ደመራ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያቆረው ሜዳ ይጠነክራል፣ አጥሩ ሥር አደይ አበባ ይፈነዳል፣ ከሞጣ የሚመጣው ሽክርክሪትም ይተከላል። በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች ያሉት፣ በእጅ የሚዞር ነው። ባለቤቱ የሻው ራሱ በይዶ የሠራው ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲነካበት አይወድም።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የገባ ሰሞን ሰርካለም የወንድሟን ልጅ የትናየትን ይዛ መጣች። ወንድሟ ሰማው ሐምሌ ላይ ደጀን ቁልቁለት መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። ሕፃኗ ሞት ምን እንደሆነ ስለማታውቅ፣ ባዛር ካልወሰዳችሁኝ ብላ ቤቱን ስታስጨንቅ ነበር የሰነበተችው።

ሽክርክሪቱ ሥር ሲደርሱ ግን ብቻዋን መውጣት ፈራች። የሻው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «አብረሻት ተቀመጪ፣ እህቴ» አለ።

«ከል ለብሼ?»

ያኔ አያት። ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ነው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ብቻ።  ሕፃኗን ወንበሩ ላይ በአንገት ልብሱ አስሮ ቀስ አድርጎ አዞራት።

ከዚያ በኋላ ባዛሩ እስኪዘጋ ተመላለሱ። ልጅቷ ትዞራለች፣ ሰርካለም አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች፣ እሱ ስለ ሞጣ፣ ስለ ብረት፣ ስለ እናቱ ያወራታል። አንድ ቀን ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የሻው ልቡን የሰጠው የዚያን ቀን ነው።

እኛ አገር ሐዘን ሕግ አለው። ከል የለበሰች ሴት አትታጭም፤ ሐዘን ቤት ሽማግሌ የሚልክ ሰው ነውረኛ ይባላል። የሻው የሞጣው የመሪጌታ ቢያድግልኝ የእህት ልጅ ነውና ይህን ባያውቅ ነበር የሚገርመው። ሙት ዓመቱ ይለፍ ብሎ አፉን ዘጋ።

የየጥኖራው እህል ነጋዴ አካለ ወልድ ግን የሟቹ የሰማው አርባ እንኳ ሳይወጣ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የሰርካለም አባት አቶ ወልደ ኪዳን ነውሩ ቢያንገበግባቸውም ባለጸጋ ማስቀየም ፈሩ። «ከሏን ስታወልቅ» ብለው ቃል ሰጡ።

በዓመቱ የሻው በነጭ ልብስ አገኛታለሁ ብሎ መጣ። በጥቁር አገኛት። በሦስተኛውም መስከረም በጥቁር። ከተማው «እህት ማለት እንዲህ ናት» እያለ ያመሰግናታል፤ ምስጋናው ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋታል። ከሉን እስካላወለቀች አካለ ወልድ አይወስዳትም፤ እስከዚያ የሻው ይናገራል ብላ ነው የማታወልቀው። የወንድሟን ሞት መከለያ ማድረጓን ስታስበው ታፍር ነበር። የሻውም አልተናገረም።

የሦስተኛው ዓመት ባዛር በሚዘጋበት በደመራው ዕለት ጠዋት፣ ሰንሰለቶቹን እያጠበቀ ከእንግዲህ ወደ ቢቸና እንደማይመጣ ነገራት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሐዘንሽ እስኪወጣልሽ እየጠበቅኩ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳያነሳ። «እወድሻለሁ፣ ሰርካለም። ይህን ከል ለለበሰ ሰው መናገር ነውር ነው። ነገር ግን ሳልናገር መሄድም አልቻልኩም።»

ሰርካለም አጥሩን ለቅቃ ቀረበችው።

«እኔ'ኮ ከሙት ዓመቱ ወዲህ የለበስኩት፣ አንተ እስክትናገር ብዬ ነው።»

ስለ አካለ ወልድ ነገረችው። አንዱ ሌላውን ሲያከብር ስንት ጊዜ እንደባከነ ያን ጊዜ ገባቸው። ሁለቱም አልሳቁም።

«አሁን እዚህ ላይ እወጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሕዝቡ ይየኝ። ስወርድ ሐዘኔ አበቃ ማለት ነው። የየጥኖራው ሰው ሳይሰማ ሞጣ ሂድና ሽማግሌ ልከህ ቅደም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የሻው አዞራት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ጥቁር ቀሚሷ ከአደዩ በላይ ሲዞር፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

በመስቀል ዕለት መሪጌታ ቢያድግልኝ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው አቶ ወልደ ኪዳን ደጃፍ ቆሙ። አባትየው የልጃቸውን ነገር ሰምተው በንዴት አድረዋል። እንደ ወጉ ሽማግሌ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥምና እሳቸውም ተቀመጡ አላሉም።

«ሦስት ዓመት ሲያያት የት ነበር?» አሉ። «ዛሬ፣ የአገር መሳቂያ ከሆነች በኋላ ነው የሚልካችሁ?»

«ቤትዎ ሐዘን ነበር» አሉ መሪጌታ። «በሟች አጥንት ላይ ተራምጄ ሚስት አልጠይቅም ብሎ ነው የቆየው።»

 አቶ ወልደ ኪዳን የልጃቸው አርባ ሳይወጣ እዚሁ ደጃፍ የቆሙት ሰዎች ትዝ አሏቸው። ያን ቀን አንገታቸውን ደፍተው የሰጡት ቃልም ትዝ አላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ለልጄ ለሰማው ያዘነለትስ እሱ ነው» አሉ። «ለአካለ ወልድ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። ተቀመጡ፣ አባቶቼ።»

ሰርካለም ከበሩ ጀርባ ሆና «ተቀመጡ» የሚለውን ሰማች። ጓዳ ገብታ ከሉን አወለቀች፤ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከዚያም ከሙት ዓመቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌላ ምንም ሳታስብ፣ ለወንድሟ ብቻ አለቀሰች።