የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው?

አናጢው በሳምንት ሦስት ቀን ታናሽ እህቱን ደግፎ ወደ ኩላሊት እጥበት ክፍሉ ይመጣል። ነርሷ መርፌውን ስትሰካ እህቱ ፊቷን ታዞራለች፤ እሱ ግን ዓይኑን ከማሽኑ አይነቅልም።

«ሲስተር፣ ቆሻሻው ሲወጣ ደሙ እንዴት ይቀራል?» አላት አንድ ጠዋት።

ደስ አላት፤ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አስታማሚ አልነበረም። «እዚህ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ። ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም። ቆሻሻው ደቃቅ ስለሆነ ከበዛበት ወዳነሰበት ይሾልካል፤ የደም ሕዋስ ግን ትልቅ ነው፣ አያልፍም።»

«የሰውነታችንም ሕዋስ እንዲሁ ነው?»

«እሱማ ይብሳል! ሽፋኑ ይመርጣል። ውኃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል፤ ስኳር በር የሚከፍትለት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ካነሰበት ወደበዛበት በጉልበት ይገፋል።»

«ሽቅብ እንደ መግፋት ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ አራቱ የእጥበት ሰዓታት ነርሷን አጠሩባት። እሱ የማይመጣበት ቀን ይረዝምባታል። «አንቺ»፣ «አንተ» መባባል ጀመሩ። በሦስተኛው ወር ታዲያ ከምንም ተነስቶ፣ «የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው?» አላት።

«ኦ» አለችው፤ የምትጨምረው ነገር እንዳለ ጥቂት ጠብቆ ወደ እህቱ ዞረ።

ምሳ ላይ ለታላቅ ወንድሟ አጫወተችው። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ኦ ለማንም ይሆናል አይደል? እህቱ ደግሞ ኩላሊት ትፈልጋለች። ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፣ እቴ።»

ሳቀችበት፤ ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣ አለ። የአናጢውን ደግነት ሁሉ መመዘን ጀመረች። የሚወላገድ ወንበሯን ሲጠግንላት፣ «ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች በልቧ፤ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ሲላት፣ «ጤናዬ ምኑ ነው?» ትላለች። ሻይ መጋበዟን ባትተውም ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። እሱም ምክንያቱን ሳይጠይቅ አንገቱን ደፋ፤ ይሄ ደግሞ ጥርጣሬዋን አባሰው።

አንድ ቀን ከለጋሾች ምርመራ ክፍል ፖስታ ይዞ ሲወጣ ተገጣጠሙ። እንዳያት ፖስታውን ኮቱ ውስጥ ከተተ።

መንገዱን ዘጋችበት። «አውጣው! ስሜ አለበት አይደል? ደሜን የጠየቅኸኝ ለዚህ ነበር?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከኮቱ አውጥቶ ሰጣት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የራሱ ነው፤ ኩላሊቱ ለእህቱ ይስማማል ይላል።

«ታዲያ የኔ ደም ምን ሊያደርግልህ?»

«መልሰሽ የኔን እንድትጠይቂኝ ነበር። ልመረመር መሆኔን የምነግርሽበት መግቢያ አጥቼ። አንድ ኩላሊት ያለው ሰው . . . ባትፈልጊውስ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ኩላሊቴን ልትነጥቀኝ ነው ብዬ . . .» ወረቀቱን መለሰችለት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወር ሆኖኛል።»

«ወር ሙሉ እየጠረጠርሽኝ ሻይ ስትጋብዥኝ ነበር?» ብሎ ሳቀ፤ እሷ አለቀሰች።

በቀዶ ሕክምናው ቀን የነርሷ ወንድም «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብሎ መጣ። አናጢው ሲነቃ ከንፈሩ ደርቋል።

«እህቴስ?»

«ሸናች!» አለችው፣ ሙያዋን ረስታ እንባዋን እያዘራች። «ገና ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ሳትወርድ ኩላሊቱ ሥራ ጀመረ!»

ወንድሟ ከእግርጌው ቆሞ የጎኑን ፋሻ አየ።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለ።

«ነግራኛለች።»

«እሷም ጠርጥራህ ነበር።»

«እሱንም ነግራኛለች።»

ወንድሟ ወንበር ስቦ ራስጌው አጠገብ አስጠጋና ወደ እሷ ዞረ።

«ተቀመጪ። እህቱን እኔ አይቻት እመጣለሁ።»